መነጽር ከመግዛትዎ በፊት ስኳርዎንና ግፊትዎን ይለኩ

በአክስቴ ኮመዲኖ መሳቢያ ውስጥ ሦስት መነጽሮች ተኝተዋል። አንደኛውን ከመንገድ ዳር ገዛችው። ሁለተኛውን መነጽር ቤት ገብታ በልኬት አሠራችው። ሦስተኛውን ያሠራችው ሁለተኛው በወሩ አልስማማ ስላላት ነው። ልኬቱ ስሕተት አልነበረበትም፤ የለካት ባለሙያም ሥራውን ያውቃል። የተሳሳተው ጊዜው ነበር። ያን ሰሞን ሌሊት ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ትነሣለች፣ ራስጌዋ ያስቀመጠችውን አንድ ጆግ ውኃ ሳይነጋ ትጨርሳለች። «ሙቀቱ ነው» ትለን ነበር። ሙቀቱ አልነበረም፤ ስኳር ነበር።

ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስም ስኳር ያጠራቅማል፤ ስኳሩ ውኃ ይስባል፤ ሌንሱ ያብጣል። ያበጠ ሌንስ ብርሃን የሚሰብርበት መጠን ስለሚለወጥ የሩቁ ይደበዝዛል። አንዳንድ አዛውንት እንዲያውም በዚህ ሰበብ ያለ መነጽር ማንበብ ይጀምሩና «ዓይኔ ተመለሰልኝ» ብለው ደስ ይላቸዋል። መድኃኒት ተጀምሮ ስኳሩ ሲወርድ ሌንሱ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል፤ በመሃል የተሠራው መነጽር ደግሞ መሳቢያ ይገባል። ስለዚህ ስኳር ከተገኘብዎት መነጽር ለማሠራት አይቸኩሉ። ስኳሩ ከተረጋጋ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ያህል ቆይተው ይለኩ።

ይህ መመሪያ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ላለብዎት፣ ወይም እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸውን እናት አባት ለሚያስታምሙ የተጻፈ ነው። ዓይን ብቻውን አይታመምም። ብዙ ጊዜ የሚታመመው ሌላው አካል ሆኖ ዋጋውን የሚከፍለው ዓይን ነው።

መጀመሪያ ክንድ፣ ቀጥሎ ጣት

ዕይታዎ መደብዘዝ ከጀመረ የመጀመሪያ ጉዞዎ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሁን። ሁለት ነገር ያስለኩ።

ግፊት ሲለኩ አምስት ደቂቃ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ፣ ሳያወሩ ይቀመጡ። ቡና ላይ ሆነው አቦሉን ጨልጠው የሮጡ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይታገሡ። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆን ከሆነ ግፊት አለብዎት ማለት ነው። ስኳር ደግሞ ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ ተለክቶ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና በሌላ ቀን ሲደገምም እንደዚያው ከወጣ በሽታው አለ። የውኃ ጥም፣ የሽንት ብዛትና የክብደት መቀነስ ያለበት ሰው ግን በማንኛውም ሰዓት 200 እና ከዚያ በላይ ከተገኘበት ያ ብቻውን ይበቃል።

ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ይጻፉ። «ትንሽ ከፍ ብሏል ተብያለሁ» የሚል መልስ ለዓይን ሐኪሙ አይጠቅመውም።

«በደንብ አያለሁ» ለምን አያስተማምንም

በዓይናችን ጀርባ ግድግዳ ላይ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ፤ ሬቲና ይባላል። ሬቲናን ልዩ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፦ ሐኪም ቆዳ ሳይቀድ የሰውን የደም ሥር በቀጥታ የሚያይበት ቦታ እሱ ነው። ጀርመናዊው ሔርማን ፎን ሔልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 የዓይንን ውስጥ ማያ መሣሪያውን ለዓለም ካስተዋወቀ ወዲህ ሐኪሞች በዚህች መስኮት የስንቱን ሰው የኩላሊት፣ የልብና የደም ሥር ጤና ሲገምቱ ኖረዋል።

ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእነዚህ ጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ ይዳከማል። እዚህም እዚያም እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ እብጠቶች ይወጡበታል፤ ፈሳሽና ስብ ማንጠባጠብ ይጀምራል። የሚያንጠባጥበው ማኩላ በምትባለው የሬቲና እንብርት አጠገብ ከሆነ፣ ፊት የምንለይባትና የምናነብባት ቦታ እሷ ስለሆነች፣ ዕይታ ይደበዝዛል። ሌሎቹ ሥሮች ደግሞ ጭራሽ ይዘጋሉ። ኦክስጅን ያጠረው ሬቲና አዳዲስ የደም ሥር እንዲበቅልለት መልእክት ይልካል። አዲሶቹ ሥሮች ግን እርዳታ ሆነው አይመጡም፤ ስስና ተሰባሪ ናቸው። አንድ ቀን ይፈነዱና ዓይን ውስጥ ደም ይሞላል፤ ወይም ጠባሳ ሠርተው ሬቲናውን ከግድግዳው ላይ ይነቅሉታል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሕመም የለም። መቅላት የለም። ማሳከክ የለም። አዲስ ሥር ከበቀለ በኋላ እንኳ የሰሌዳውን የመጨረሻ መስመር የሚያነብ ሰው ይገኛል። ስኳር ክትትል ላይ ያሉ ሰዎች «የዓይን ምርመራ አድርገዋል?» ሲባሉ «ኧረ ዓይኔስ ደህና ነው» ብለው የሚመልሱት መልስ የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። ሰዎቹ እየዋሹ አይደለም። ምስክር ያደረጉት ግን ሬቲናቸውን ሳይሆን ዕይታቸውን ነው።

መቼ ይታዩ?

ስኳርዎ በጎልማሳነት የመጣው፣ በተለምዶ ዓይነት ሁለት የሚባለው ከሆነ፣ የዓይን ምርመራው በሽታው ከታወቀበት ጊዜ ጋር አብሮ ይጀምራል። ይህ ዓይነቱ ስኳር ሳይታወቅ ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ እርስዎ ዛሬ ሰሙት እንጂ ዓይንዎ ቀደም ብሎ ሰምቶት ሊሆን ይችላል። በልጅነት ወይም በወጣትነት ጀምሮ ከመነሻው ኢንሱሊን የሚያስወስደው ዓይነት አንድ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ምርመራ በሽታው ከታወቀ በ5 ዓመት ውስጥ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ለሁለቱም በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ችግር ከተገኘ ሐኪሙ ቀጠሮውን ያቀራርበዋል።

ስኳር ያለባት ሴት ለማርገዝ ስታስብ፣ ካረገዘች ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ትታይ፤ እርግዝና የሬቲናውን ጉዳት ሊያፋጥነው ይችላል። በእርግዝና ጊዜ ብቻ የመጣ ስኳር ይህን ሥጋት አያመጣም።

ሌላም ብዙ ሰው የማይነገረው ነገር አለ። ስኳርዎ ለዓመታት ከፍ ብሎ ቆይቶ አሁን ኢንሱሊን ሊጀመርልዎት ከሆነ፣ ከመጀመርዎ በፊት ወይም በዚያው ሰሞን ዓይንዎን ይታዩ። በአንዴ የወረደ ስኳር ቀድሞ የተጎዳ ሬቲናን ለጊዜው ሊያባብሰው ይችላል። ይህ ግን መድኃኒቱን ለመሸሽ ምክንያት አይሆንም። ጊዜያዊው መባባስ ያልፋል፤ የረጅም ጊዜው ጥቅም ይቀራል።

ውጭ አገር ላላችሁም አንድ ቃል። በእንግሊዝ አገር ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ የስኳር ሕሙማን ለዓይን ፎቶግራፍ ምርመራ በነፃ ይጠራሉ። ቋንቋው ከብዷቸው ወይም ማስታወቂያ መስሏቸው ጥሪውን የሚጥሉ ወላጆች አሉና ፖስታቸውን አብራችኋቸው ክፈቱ።

የምርመራው ቀን

ወደ ዓይን ክፍል ሲሄዱ መነጽር ለመለካት እንዳልመጡ አስቀድመው ይናገሩ። «ስኳር አለብኝ፣ ሬቲናዬን በጠብታ ተከፍቶ እንዲታይልኝ ነው» ይበሉ። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ወረፋ ከማባከን ያድናል። አክስቴ አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ተሰልፋ የተመለሰችው ሰሌዳ አንብባ ብቻ ነበር፤ እሷም አልጠየቀች፣ እነሱም አልነገሯት።

የሚንጠባጠበው መድኃኒት የዓይንን ብሌን ይከፍታል። እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ሰዓታት ቅርብ ያለው ይደበዝዛል፣ ፀሐይ ያስቸግራል። መኪና አይንዱ። ሰው ይዘው ይሂዱ፤ ባርኔጣ ወይም ጥቁር መነጽር አይርሱ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ የቁጥሮቹም ደብተር አይቅር። ግላኮማ እንዳለብዎት ከዚህ በፊት ከተነገረዎት ጠብታው ሳይገባ ይናገሩ።

ሲጨርሱ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ሬቲናዬ ላይ ለውጥ አለ? ማኩላዬስ? መቼ ልመለስ? መልሱን ክትትል ካርድዎ ላይ ያስጽፉ።

ችግር ከተገኘ

ጉዳቱ ገና ጀማሪ ከሆነ ለዓይን የተለየ መድኃኒት አይታዘዝም። ሕክምናው የስኳሩና የግፊቱ ቁጥጥር ነው። ይህን ሲባሉ «ባዶ እጄን ሰደዱኝ» የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል። በአሜሪካና በካናዳ ዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸውን 1,441 ሰዎች ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱን ያሳወቀው ትልቅ ጥናት፣ ሬቲናቸው ገና ያልተነካ ሰዎች ስኳራቸውን አጥብቀው ሲቆጣጠሩ በሽታው የመጀመር ዕድሉ በ76 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የእንግሊዞቹ ጥናት ደግሞ ዓይነት ሁለት ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ግፊትን ጠበቅ አድርጎ መያዝ የሬቲናውን መባባስ በ34 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። እንዲህ ያለ ውጤት የሚሰጥ የዓይን ጠብታ እስከ ዛሬ የለም።

ስለዚህ ስኳር ክትትል ሲሄዱ የዕለቱን ልኬት ብቻ ሰምተው አይመለሱ። የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲ የሚባል ምርመራ ይጠይቁ። ለብዙ ሰው ግቡ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ማለት ነው፤ በዕድሜ ለገፉና ስኳራቸው ቶሎ ቶሎ ለሚወርድባቸው ሐኪሙ ላላ ያደርገዋል። ጾም ሲቃረብ፣ ዐቢይ ጾምም ይሁን ረመዳን፣ ከሳምንታት በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ መድኃኒቱ በሰዓት ይሸጋሸጋል እንጂ በራስ ውሳኔ አይቋረጥም። ጸበል የሚሄዱም ከሆነ ኪኒኑና ኢንሱሊኑ አብሮዎት ይሂድ።

አዲስ የደም ሥር ከበቀለ ሌዘር ይሠራል። ሌዘር የሬቲናውን ዳር ዳር በመተኮስ የኦክስጅን ፍላጎቱን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ መጥፎዎቹ ሥሮች ይጠወልጋሉ። ከሌዘር በኋላ «ምንም አልተሻለኝም» የሚል ቅሬታ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ሌዘር የሚሠራው ያለውን ለማቆየት ነው፤ የሄደውን አይመልስም። የምሽትና የጎን ዕይታንም ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ማኩላ ካበጠች ደግሞ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ። ሲሰሙት ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ዓይኑ በጠብታ ደንዝዞ የሚሰጥ፣ የሚሰማውም ጫን እንደማለት ያለ ነገር ነው። መጀመሪያ አካባቢ በየወሩ ይደጋገማል፣ አንዱን ወስዶ መጥፋት ገንዘብ ማባከን ነው። ከመርፌዎቹ አንዱ የሆነው ቤቫሲዙማብ መጀመሪያ የተሠራው ለአንጀት ካንሰር ነበር፤ ኢንተርኔት ላይ አንብበው «ካንሰር አለብኝና ደበቁኝ» ብለው የሚጨነቁ አሉና ይህን ቀድመው ይወቁ።

ሬቲና ላይ የሠለጠኑ ሐኪሞች በየከተማው አይገኙም። ክፍለ ሀገር ካሉ ሪፈር ያጽፉ፤ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ እንዲሁም የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የታወቁ የዓይን ክፍሎች አሏቸው።

ስለ ሞራም ትንሽ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ያደረሰው የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ስኳር ሞራን ያለ ዕድሜው ያመጣል። ኦፕራሲዮኑ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ስኳሩ ይስተካከል፣ ሬቲናውም ይታይ።

በቤትዎ፣ በየሳምንቱ

ግድግዳዎ ላይ የተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ለዚህ ይጠቅማል። የማንበቢያ መነጽርዎን አድርገው፣ አንዱን ዓይን በመዳፍዎ ሳይጫኑ ሸፍነው የቀን መቁጠሪያውን መስመሮች ይመልከቱ፤ ከዚያ ሌላኛውን። ቀጥ ያለው መስመር ከጎበጠ ወይም ከተቆረጠ፣ ከቁጥሮቹ መሃል አንዱ ከጠፋ፣ ማኩላ ተነክታ ሊሆን ይችላል፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። አንድ አንዱን መሸፈኑ ግድ ነው፤ ሁለቱ ዓይኖች አብረው ሲያዩ ጤነኛው የታማሚውን ጉድ ይሸፍናል።

ግፊት

ግፊት የሬቲናውን የደም ሥሮች ያጠባል፣ ያደነድናል፤ ሲብስ ደም እንዲፈስስ፣ የዓይን ነርቭ እንዲያብጥ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1939 ኪት፣ ዋግነርና ባርከር የተባሉ ሐኪሞች ይህን ለውጥ በአራት ደረጃ ከፍለው ሕሙማኑን ሲከታተሉ፣ ነርቩ ካበጠባቸው አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። ያኔ እንደ ዛሬው ያለ የግፊት መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ አለ፤ ሰው የሚያቆመው ግን «ተሻለኝ» ብሎ ነው።

ግፊትዎ 180/120 ከደረሰና ራስ ምታት፣ ብዥታ ወይም የደረት ሕመም ካለ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ነፍሰ ጡር ሴት ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን ካየች፣ ራሷን ከፈለጣት ወይም የላይኛው ሆዷ ከታመመ፣ የሚያስፈልጋት የዓይን ሐኪም አይደለም፤ ግፊቷን የሚለካ አዋላጅ ነው፣ አሁኑኑ።

የዓይን ነጭ ላይ ድንገት የሚወጣው የደም ነጠብጣብ ግን፣ ዕይታ ካልነካና ካላመመ፣ አስፈሪነቱ ለዓይን ብቻ ነው፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። ግፊትዎን ለመለካት ግን ጥሩ ሰበብ ነው።

ሌሎቹ፣ ባጭሩ

የቲቢ መድኃኒት የጀመሩ ከሆነ ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ኢታምቡቶል፣ የዓይን ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። በየሳምንቱ ቀይ የጠርሙስ ክዳን ይያዙና በአንድ አንድ ዓይን ይዩት፤ ቀዩ ከደበዘዘ ወይም ማንበብ ካቃተዎት የሚቀጥለውን ኪኒን ሳይውጡ በዚያው ቀን ጤና ባለሙያዎን ያግኙ። ሕክምናውን በሙሉ በራስዎ አቋርጠው ቤት አይቀመጡ። ለሩማቶይድ አርትራይተስና ለመሰሉ የመገጣጠሚያ ሕመሞች ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለዓመታት የሚወስዱም ሬቲናቸውን በየጊዜው ያሳዩ።

ግንባርና የዓይን ቆብ ላይ የወጣ አልማዝ ባለጭራ፣ በተለይ አፍንጫ ጫፍ ላይም ከወጣ፣ ዓይኑ ውስጥ ሊገባ ይችላል። መድኃኒቱ በተሻለ የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ወጣት ላይ ከወጣ የኤችአይቪ ምርመራ አብሮ ይደረግ።

ዓይን እያፈጠጠ ከመጣ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ ያስፈልጋል፤ የሚያጨሱ ከሆነ ማቆም የሕክምናው አካል ነው። ጠዋት ጠዋት የሚያብጥ ቆብ ሽንት ያስመረምራል። የዓይን ነጭ ቢጫ ከሆነ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የጉበት ነው። ልጅ ሲመሽ ዕቃ እየረገጠ የሚደናበር ከሆነ ዳፍንት ሊሆን ይችላል፤ ቫይታሚን ኤ ያስፈልገዋል፣ በተለይ ኩፍኝ ይዞት ከነበረ ጤና ጣቢያ ለማድረስ አይዘግዩ።

ከመድኃኒት ቤት ያለ ትዕዛዝ ስለሚገዙ ጠብታዎች ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ዴክሳሜታዞን ያለባቸው ጠብታዎች ቅላቱን በአንድ ቀን ያጠፉታል፤ ለወራት ሲንጠባጠቡ ግን ግላኮማና ሞራ ያመጣሉ። ማሳከክ ላለበት ልጅ ጎረቤት ያቀበለችውን ጠርሙስ ይመልሱ።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው

አንድ ዓይን ድንገት ከጨለመ፤ መጋረጃ የወረደ ከመሰለ፤ የጥቁር ነጠብጣብ ወይም የሸረሪት ድር ዝናብ ከዘነበ፤ አንዱ ሁለት ሆኖ ታይቶ ቆቡም ከወደቀ፤ ዓይን ቀልቶ ከነሕመሙ ዕይታ ከቀነሰ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይድረሱ። ሕመምዎን የሚከታተል ልጅ ውጭ አገር ካለ ስልክ የሚደውሉት ከሐኪሙ በኋላ ይሁን።

አክስቴ አሁን አራተኛ መነጽር አላት፤ ያሠራችው ስኳሯ ከተረጋጋ በኋላ ስለሆነ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ አልተለወጠም። እርስዎ ደግሞ ዛሬ ማታ ክትትል ካርድዎን ያውጡና የመጨረሻው የሬቲና ምርመራ የተደረገበትን ቀን ይፈልጉ። ዓመት ካለፈው ወይም ጭራሹን ከሌለ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ የዓይን ሪፈር ሳያጽፉ ከክፍሉ አይውጡ።